በሕይወት ላሉ ሱልጣን የተሰገደ የጀናዛ ሶላት

ከነኽላ ወደብ፣ በረጀብ ወር መግቢያ

እጅግ ሩኅሩኅ፣ እጅግ አዛኝ በሆነው አላህ ስም።

በሒስን አል-ገይም ምሽግ ለምትኖሪው ለነቢላ ቢንት ዩሱፍ። የአላህ ሰላምና በረከት ባለሽበት ያግኝሽ። እንደምን ከርመሻል? የተራራው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያስመርረን፣ እሱም ከቤተሰብ ይቆጠራል።

ይህን የምጽፍልሽ የአባትሽ የአጎት ልጅ፣ የነኽላ መስጊድ ኸጢብ፣ የጁምዓ ሰባኪው፣ ፈቂህ ዑጀይል ነኝ። አታስታውሺኝም። ያየሁሽ ጥርስ ሳታበቅዪ ነው፣ ያኔም ጢሜን ይዘሽ አልለቅም ብለሽ ነበር። አሁን በሱልጣኑ እህት ቤት ቁልፍ ያዥ ሆነሽ የሱልጣኑ ምግብ በአንቺ እጅ እንደሚያልፍ ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ደስታዬን ልንገርሽ ብዬ ብቻ ግን አልጻፍኩም፤ ቸግሮኛል።

በየጁምዓው ሚንበር ላይ ወጥቼ ለጌታችን ለሱልጣኑ ለአል-መሊክ አል-ሙኒፍ በስማቸው ዱዓ አደርጋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ያንኑ ስም ስል ኖሬ ምላሴ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። አሁን ግን ሱልጣኑ በተምር ቅዳሜዎች፣ ፍሬው በሚለቀምበት ሰሞን፣ ወደ ቆላ መውረድ ትተዋል። ፍሬው በስሎ ሕዝቡ ከበሮውን ይዞ ወጥቶ፣ እሳቸው የሉም። አንዱ ግመለኛ ታመዋል ይላል። ሌላው አእምሯቸውን ስተዋል ይላል። ሦስተኛው ሱፊ ሆነው የሱፊዎች መኖሪያ የሆነ ዛዊያ ወለል ይጠርጋሉ ብሎ ማለልኝ። ትናንት የመጣው ደግሞ በፈረስ ላይ ሆነው ሚዳቋ ሲያሳድዱ በዓይኔ አይቻለሁ አለኝ። በላይኛው መንገድ ያሉ ኸጢቦች የሱልጣኑን ልጅ የአሚር ሰይፍን ስም መጨመር ጀምረዋል አሉ።

እኔስ ምን ልበል? ልጁን ብጨምርና አባትየው ጤነኛ ቢሆኑ ከሃዲ ነኝ። ባልጨምርና ልጁ ቢነግሥም ያው ከሃዲ ነኝ። አንገቴ ደግሞ አንድ ናት። እባክሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ደብዳቤውን ከያዘው ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቅርጫት የደረቀ ዓሣ ልኬያለሁ። ለእመቤትሽ ለሰይዳም ስለ መስጊዳችን ምንጣፍ አንሺላቸው፣ አይጦቹ ከሰጋጁ በልጠው ተመቻችተውበታል።

ዑጀይል ኢብን ሙሳ

⁂

ከሒስን አል-ገይም፣ በሻዕባን መጨረሻ

በአላህ ስም። ለክቡር አጎቴ ለፈቂህ ዑጀይል። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ዱዓዎን አያሳጣኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የዘገየው መልእክተኛዎ መንገድ ላይ ሚስት ስላገባ ነው። ዓሣውን ለሠርጉ አልበላም ብሎ ምሎልኛል፣ ቅርጫቱ ግን ግማሽ ነበር።

ሱልጣኑ ደህና ናቸው ወይ ላሉኝ፣ ጠዋት ደህና ናቸው። ጠዋት አትክልተኛውን አስጠርተው የሎሚ ቅርንጫፍ በየትኛው ጨረቃ እንደሚዳቀል ሲያስረዱት ሊቃውንቱ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ቀትር ላይ ግን ወንድሜ የት ሄደ፣ ምሳ ሳይበላ አልቀምስም ይላሉ። ወንድማቸው እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።

ባለፈው አንድ ገበሬ ወይን ይዞላቸው መጣ። ጎመዘዛቸውና እሰሩት አሉ። በማግስቱ ያ ደግ ሰውዬ የት ጠፋ ብለው አለቀሱ። ተፈትቶ መጣ፣ አቀፉት፣ የራሳቸውን ካባ አለበሱት። ማታ በግቢው ሲያልፍ አዩትና ይህን ካባ ከየት ሰረቅክ ብለው መልሰው አሰሩት። ሰውዬው እስካሁን እስር ቤት ነው፣ ካባውን ግን ማንም ሊገፈው አልደፈረም።

ሐኪሙ እርጅና ነው ይላል። አሚር ሰይፍ ሕመም ነው ይላሉ። እመቤቴ፣ እህታቸው ደግሞ «ወንድሜን አታውቁትም፣ እየፈተነን ነው፣ ማን ሞቱን እንደሚመኝ እያየ ነው» ይላሉ። እኔ ግራ ገብቶኛል። አንዳንዴ ሾርባቸውን ሳቀርብ ስሰርቅ እንደያዘኝ ሰው ያዩኛል፣ ያኔ የእህታቸው ነገር እውነት ይመስለኛል። ቀጥለው ሾርባውን በጣታቸው መብላት ይጀምራሉ።

ዓሣዎን ወደዱት። «ከየት መጣ?» አሉ። «ከነኽላ ነው ጌታዬ» አልኩ። የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። ያን ቀን ሌላ አልቀመሱም።

ስለ ስሙ ጉዳይ እኔ ምን አውቄ ልምከርዎ? እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት አይጠይቁኝ። ሲሉ የኖሩትን ይበሉ። ዓሣ ይጨምሩልኝ፣ የሰሊጥ ዘይትም ካለ። መልእክተኛውን ግን ይለውጡ፣ አሁን ሁለተኛ ሊያገባ ያስባል።

የእርስዎው ነቢላ

⁂

ከነኽላ፣ በሸዋል ወር አጋማሽ

ከእርሱ መጥተን ወደ እርሱ ለምንመለሰው ጌታ ምስጋና ይገባው። ለልጄ ለነቢላ። አላህ ያጽናሽ፣ ለእመቤትሽም ትልቅ ትዕግሥት ይስጥልኝ።

ከአንቺ ደብዳቤ ስጠብቅ ከረምኩ፣ አልመጣም። ሐዘን ላይ ሆነሽ ማን ይጽፋል ብዬ አልተቀየምኩም። እኛ ግን ሰምተናል። ከምሽጉ የወረዱ ግመለኞች ሁሉ ያለ ወትሯቸው አንድ ቃል ተናገሩ። በየቀኑ በዓስር ሶላት ሰዓት ለሱልጣኑ የሚመታው ከበሮ ዝም ብሏል አሉ። ነኽላ ውስጥ ያ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የአባታቸውንም ሞት የሰማነው እንደዚሁ ነበር። ደብዳቤና አዋጅ ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ ቀድሞ የሚሰማው የከበሮው ዝምታ ነው።

ስለዚህ በጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት አሰገድኩላቸው። መስጊዱ ሞልቶ በረንዳው ላይ ሁሉ ተሰገደ። የወደቡ ዋሊ፣ ገዥያችን፣ ከኋላዬ በመጀመሪያው ረድፍ ቆሞ ዓይኑን ይጠርግ ነበር፣ ላብ ይሁን እንባ አላረጋገጥኩም። እንደ ልማዳችን ዞሬ «በሟቹ ላይ ምን ትመሰክራላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሕዝቡም መሰከረ። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

በቀጣዩ ጁምዓ በአሚር ሰይፍ ስም ዱዓ አደረግኩ። ምላሴ ሁለቴ ወደ ድሮው መንገድ ሊያመራ ብሎ በግድ መለስኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅልል አለኝ። ቢያንስ አሁን ማን ሕያው ማን ሙት እንደሆነ አውቃለሁ። የምንጣፉን ነገር ሐዘኑ ሲወጣ አስታውሺልኝ።

ዑጀይል

⁂

ከሒስን አል-ገይም፣ በዙልቃዕዳ መግቢያ

አጎቴ፣ ምን አደረጉ?! ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፣ ጊዜ የለኝም። ሱልጣኑ ቁርሳቸውን በልተው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው!

ከበሮውን ያስቆሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በዓስር ሰዓት «ይህ ለማን ነው የሚመታው?» አሉ። «ለእርስዎ ነው ጌታዬ» ተባሉ። «ሰምቻለሁ፣ ይበቃል፣ ራሴን አመመኝ» አሉ። ይኸው ነው። እኔም ልጽፍልዎ አስቤ፣ ለዚህ ደግሞ ይጻፋል ወይ ብዬ ተውኩት። አላህ ይይልኝ።

የእርስዎ ዋሊ ወዲያው ጽፏል። ፈቂሁ ብቻውን ያደረገው ነው፣ እኔ ከጁምዓ በኋላ የሚሰገደውን ሱና የምሰግድ መስሎኝ ነው የቆምኩት ብሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ አሚር ሰይፍ ናቸው። እርስዎ በስማቸው ዱዓ ስላደረጉ ለአባታቸው ሞት የቸኮሉ እንዳይመስልባቸው፣ ንጽሕናቸውን በእርስዎ አንገት ሊያሳዩ ፈለጉ። «ፈረስ ይጫን፣ የሰውየው ራስ ይምጣ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ወሬው ሱልጣኑ ዘንድ ሲደርስ እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ማነው የሰገደብኝ?» አሉ። «የነኽላ ኸጢብ ነው።» «ሰው መጥቶ ነበር?» «ሞልቶ ነበር ይባላል።» ቀና ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር አጎቴ፣ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

«ታዲያ ምን ብለው መሰከሩ?»

ማንም የሚያውቅ የለም። የዋሊው ደብዳቤ ስለ ምስክርነቱ አንዲት ቃል የለውም። ሱልጣኑ እንዲህ አሉ፦ «አባቴም አያቴም ይህን ሳይሰሙ ነው የተቀበሩት። እኔ ልሰማው ነው። ሰውየው ራሱ ይጻፍልኝ። እስኪጽፍ ማንም እንዳይነካው።»

ፈረሱ ያልተጫነው በዚህ ብቻ ነው። አጎቴ፣ በአባቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ፣ አሳምረው ይጻፉ። እርስዎ የቃል ሰው ነዎት። ሕዝቡ አለቀሰ ይበሉ። ሴቶቹ እስከ ባሕሩ ዳር ዋይ ዋይ አሉ ይበሉ። በዚያ ደብዳቤ «መሰከረ» ብለው ማለፍዎን አስተውያለሁ፣ ለምን እንዳለፉት ግን አልጠይቅዎትም። አንገቴ አንድ ናት ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ነቢላ

⁂

ከነኽላ፣ በዙልሒጃ ወር፣ ከዒዱ በኋላ

የደበቅነውንም የገለጥነውንም በሚያውቀው ጌታ ስም። ለልጄ ለነቢላ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ።

እንዳልሽኝ አሳምሬ ጻፍኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ራሴን አስለቀሰኝ፣ ለሚስቴ ባነብላትም እሷም አለቀሰችና «ይህ ሁሉ መቼ ሆነ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ቀደድኩት። ምስክርነት አደራ ነው። የራሴ ቃል ቢሆን እንደፈለግኩ አጣምመው ነበር፤ የሰው ነው። ፈርቻለሁ ነቢላ። ፈረስ በበሩ ባለፈ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባለሁ። ቢሆንም የሆነው እንዲህ ነው።

«ምን ትመሰክራላችሁ?» ስል፣ ሌላ ጊዜ ቃሌን ሳልጨርስ «ኸይር፣ መልካም ነበር!» ይሉኛል። ለሌባውም ለሰካራሙም ይላሉ፣ ማንም ሙት ሲወቅስ አይወድም። ያን ቀን ግን ዝም አሉ። ዋሊው ኡሁ ኡሁ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ እግራቸውን አዩ። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ «በዘቢድ መንገድ ላይ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረዋል፣ ጠጥቼበታለሁ» አለ። ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ሴት «በረሃቡ ዓመት ማሽላ ልከውልናል፣ ልጆቼ በሱ ነው የተረፉት» አለች። ሌሎችም ማጉረምረም ጀመሩ፣ ኸይር ሊሉ ነው ብዬ ተነፈስኩ።

ያን ጊዜ ሙቅቢል ተነሣ። ሙቅቢል በሰው የተምር ዛፍ ላይ እየወጣ ፍሬ የሚለቅም የቀን ሠራተኛ ነው። ድሮ ግን የራሱ ዛፎች ነበሩት፣ ከአባቱ የወረሳቸው። ሱልጣኑ በአንድ የተምር ቅዳሜ ከዛፎቹ ሥር ድንኳን ተክለው ሳለ ባሕሩን ልይ አሉ። የሙቅቢል ዛፎች ከለሉኝ ብለው አስቆረጧቸው፣ ፍሬው እላያቸው ላይ እንዳለ። በማግስቱ ወጥተው ሲቀመጡ «ትናንት እዚህ የነበረው ጥላ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሊነግራቸው የደፈረ ሰው አልነበረም። ያኔ ደግሞ ጤነኛና ጎልማሳ ነበሩ።

ሙቅቢል እንዲህ አለ፦ «የአባቴን ዛፎች አስቆርጧል። ጉቶዎቹ አሁንም አሉ፣ መሄድና ማየት ነው። እኔ ኸይር አልልም።» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ኸይር ያለም፣ ሙቅቢልን ዝም በል ያለም የለም። ዱዓ አድርጌ በተንኳቸው።

ይኸው ነው። አንብቢላቸው ወይም አቃጥዪው፣ እኔ ከእጄ አውጥቻለሁ። በእኔ ላይ የሚመጣ ቢመጣ ሙቅቢልን እንዳይነኩ ለእመቤትሽ ንገሪልኝ። ምንጣፉን ተዪው።

ዑጀይል

⁂

ከሒስን አል-ገይም፣ በሙሐረም ወር

በአላህ ስም። ለአጎቴ፣ አላህ ይጠብቅዎት። ላቃጥለው እሳቱ ዳር ደርሼ ነበር። እዚያው ሳለሁ «የነኽላው ደብዳቤ መጣ ወይ?» ብለው አስጠሩኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጸሐፊው ጎኔ ቆሞ እያየኝ አነበብኩላቸው።

ጉድጓዱ ላይ ስደርስ «የቱ ጉድጓድ?» አሉ። ማሽላው ላይ «እሱ የእናቴ ሐሳብ ነው» አሉ። ዛፎቹ ላይ ስደርስ ፈጠን ብዬ አንብቤ ጨረስኩት።

«ማን ነው ያስቆረጠው?» አሉ።

ሁሉም ወለል ወለሉን አየ።

«ማን ነው አልኳችሁ እኮ!»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላህ ያውቃል።

«እኔ? ዛፍ?» እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «ወንድሜ ነው። እሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኛም እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎን ልንወጣ ተነሣን። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ፦ «ባሕሩ አልታየም እኮ። ዛፎቹ ወደቁ፣ ከኋላቸው የአሸዋ ቁልል ነበር። ባሕሩን አላየሁትም።» ቀጥለውም «ሰውየውን ሱልጣኑ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብሏል በሉት። መልሱን አምጡልኝ» አሉ። ጸሐፊው ጽፎ ማኅተም መታበት፣ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ስለ እርስዎም «ፈቂሁን ተዉት፣ ሳይታዘዝ የሰገደልኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው እንዴት ደስ ባለኝ። ግን እርስዎ እውነቱን ጽፈውልኝ እኔ ልዋሽዎት አልችልም። ያን ዕለት እስኪመሽ ለእኔም አፉ በይኝ አሉኝ። ለሐኪሙም አሉት። ለትራሳቸውም አሉት። ለውሃ ማሰሮው እንኳ አጎንብሰው አፉ በለኝ ሲሉ አየሁ። ስለዚህ ከልባቸው ይሁን፣ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ተጣብቆ ይሁን አላውቅም። እመቤቴ ከልቡ ነው ብለው ያለቅሳሉ፣ ሐኪሙ ትከሻውን ይነቀንቃል።

አሁን ደግሞ አሚር ሰይፍ በበሩ ላይ የራሳቸውን ሰዎች አቁመዋል። እኔን አያስገቡኝም። ትሪው ሳይነካ ይመለሳል። ከበሮው ደግሞ መመታት ጀምሯል! ለአባት ይሁን ለልጅ የሚነግረኝ የለም። እመቤቴ በሕይወት አለ ይላሉ፣ ወጥ ሠሪው እኔ የሞተ ሰው ምግብ ስሠራ አውቀዋለሁ ይላል። ስለ ጁምዓው ስም አይጠይቁኝ አጎቴ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፣ የሙቅቢልን መልስ በቶሎ ይላኩልኝ።

ነቢላ

⁂

ከነኽላ፣ በሰፈር ወር

ይቅር ባይ በሆነው ጌታ ስም። ለልጄ ለነቢላ፣ ሰላም ላንቺና ለእመቤትሽ፣ ለሱልጣኑም ባሉበት።

ደብዳቤው እንደደረሰኝ ወደ ሙቅቢል ሄድኩ። ዛፍ ላይ ነበር፣ ወገቡ ላይ ገመዱን ታጥቆ። ከታች ሆኜ ጮህኩበት።

«ሙቅቢል! ሱልጣኑ ልከውብሃል!»

«የሞተው ነው ያልሞተው?»

«እሱን አላውቅም።»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው የምታውቀው? የቆመ ሰው ገንዘህ ስታበቃ!»

ማኅተሙን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፣ አፉ በለኝ ብለዋል አልኩት። «ይምጣና ይጠይቀኝ» አለ። ታመዋል አልኩ። «ሲያስቆርጥ ጤነኛ ነበር» አለና የደረቀውን ዝንጣፊ መመልመል ቀጠለ። ለትራሱም ለማሰሮውም እንዳሉ ልደብቀው ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ነገርኩት። ከላይ ሳቁ ተሰማኝ። «ከማሰሮ ጋር ተሰልፌ ነው እንግዲህ» አለ። በመጨረሻ የአሸዋውን ቁልል ነገር ነገርኩት። ያን ጊዜ እጁ ቆመ።

«ባሕሩን አላየውም?»

«አላዩትም።»

ወረደ። ገመዱን ሳይፈታ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ» አለኝ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ቢያንስ ባሕሩን አይቶበታል እያልኩ ነው የኖርኩት።» ስለ መልሱ አልጎተጎትኩትም። ግራ ገብቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጁምዓ ደረሰ። ዋሊው የአሚሩን ስም በል የሚል ትእዛዝ ከአንድ ፈረሰኛ፣ የአባትየውን ስም በል የሚል ከሌላ ፈረሰኛ ተቀብሎ፣ ሁለቱንም ለእኔ ሰጥቶኝ መጨረሻ ረድፍ ሄዶ ቆመ። ሚንበሩ ላይ ወጣሁ። እጄን አነሣሁና «ያ ረቢ፣ ሱልጣናችን ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለም አንተ ታውቃለህ፣ እዘንለት» አልኩ። ሕዝቡ አሚን ሲል ጣራው ያስተጋባ ነበር። ዋሊውም ግራና ቀኙን አየና አሚን አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣብኝን አላውቅም፣ የማውቀውን ያህል ግን ብያለሁ።

ከሶላት በኋላ ልወጣ ስል ሙቅቢል ተነሣ። ማንም አልጠየቀውም።

«እናንተ ሰዎች» አለ፣ «ኸይር አልልም ብያለሁ፣ አሁንም አልልም። ዛፎቼን ቆርጧል። ግን አፉ ብዬዋለሁ። በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ወደየቦታው ሲሄድ እኔ የዛፎቼን ዕዳ ልጠይቅ እዚያ ቆሜ እሱን ስጠብቅ ልቀር አልፈልግም። ጉልበቴን ያመኛል።»

ሰዎች ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን ተዉ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ስለዚህ ነቢላ፣ በሩን የሚጠብቁትን ለምኚ፣ ካልሆነም በወጥ ቤቱ በኩል ግቢ። ሕያው ከሆኑ ጆሯቸው ላይ አንብቢላቸው፣ የማይሰሙ ቢመስሉም አንብቢ። ሞተው ከሆነ መቃብራቸው ላይ ቆመሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ብቻ ቶሎ በይ። ዛሬ ጠዋት ሙቅቢልን ጉቶዎቹ አጠገብ ቆሞ አይቼዋለሁና ሐሳቡን እንዳይቀይር እፈራለሁ።

ዑጀይል ኢብን ሙሳ